አንድ ሚሊሜትር የማትሞላ ቀበቶ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ሞዴል አውሮፕላን ኮክፒት (የአብራሪው ክፍል) አሠራር ጥቂት ብለን ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመጣው ጥያቄ አብዛኛው ስለ ወንበር ቀበቶ ነው። አልገረመኝም። ኮክፒት ውስጥ የሰው ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ወንበሩ ላይ ነው፣ ወንበሩ ላይ ደግሞ ከቀበቶ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። ስለዚህ የዛሬው ዓምድ በሙሉ ለቀበቶ ነው። ደብዳቤዎቹን ግን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ 1/48 ስፒትፋየር (የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን፣ ከእውነተኛው 48 ጊዜ ያነሰ ሞዴል) እየሠራሁ ነው። ለወንበሩ ቀበቶ እንዲሆን ከድሬዳዋው ታይዋን ገበያ ያገኘሁትን በጣም ቀጭን ነጭ ሪባን ቆራርጬ ለጠፍኩበት። ከሩቅ ደህና ነው፣ ቀረብ ሲሉት ግን ያስቃል። ችግሩ ምኑ ላይ ነው? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ሪባኑ ላይ ነዋ! አቦ፣ ጨርቅ ለሆነ ነገር ጨርቅ መጠቀም ትክክል ይመስላል፣ ሁሉም ሰው የሚጀምረውም ከዚያ ነው። ግን አውሮፕላኑ 48 ጊዜ ሲያንስ የሪባኑ ክር አላነሰም። ሽመናው ከወንበሩ ላይ ተቆጥሮ ይታያል። የእውነተኛው ቀበቶ ሽመና በዚህ መጠን ጭራሽ መታየት የለበትም።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። የትከሻ ቀበቶ ስፋቱ በአብዛኛው አራት ሳንቲሜትር ተኩል ገደማ ነው። 45 ሚሊሜትሩን ለ48 ስታካፍለው 0.94 ይመጣል፣ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም ማለት ነው። በ1/72 ከሆነ 0.6፣ በ1/32 1.4፣ በ1/24 ወደ 1.9 ሚሊሜትር ነው። የወገቡ ቀበቶ በአንዳንድ አውሮፕላን ሰፋ ይላል፣ ያንን ከፎቶ ታየዋለህ። አሁን ያንተ ሪባን ሦስት ሚሊሜትር ነው እንበል። በ48 አባዛው። ፓይለትህ የታሰረው 14 ሳንቲሜትር በሚያልፍ ነገር ነው፣ ያ ደግሞ ቀበቶ ሳይሆን መቀነት ነው።

ከስፋቱም በላይ የሚያጋልጠው ውፍረቱ ነው። ወፍራም ቀበቶ ጠርዙ ላይ ጥላ ይጥላል፣ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ይወፍራል። ትንሽ ይመስላል አይደል? በ48 ስታባዛው ግን አምስት ሚሊሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረውም። እንዲህ ያለ ቀበቶ ማንም አይታጠቅም።

እኔ የምወደው ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ የሚወጣውን ብርማ ወረቀት ነው። አታጨስም? የሚያጨስ ጎረቤት አይጠፋም፣ የማስቲካውም ይሠራል። አንዱ ወገኑ አልሙኒየም ስለሆነ ያጠፍከውን ቅርጽ ይይዝልሃል፣ ሌላው ወገኑ ስስ ወረቀት ስለሆነ ቀለም ይቀበላል። እሱ ካልተገኘ የወጥ ቤት ፎይል አለ። ብቻውን ከልክ በላይ ሳስቶ ይቀደዳል፣ ስለዚህ ሁለት እጥፍ አድርግና በመሃሉ በውሃ የቀጠነ የአናጢ ነጭ ኮላ ቀባ፣ ከዚያ በጠርሙስ ዳምጠው። ማስኪንግ ቴፕም ብዙ ሰው ይጠቀማል፣ ግን የባቲላሜራ ሠራተኞች መኪና ሲቀቡ የሚለጥፉት ዓይነት ሽብሽብ ያለና ወፍራም ነው፣ ማጣበቂያውም በድሬ ሙቀት ሲቆይ ይለቃል። እሱን ለመኪናው ተወው።

የስፒትፋየር ጉዳይ ላይ አንድ ነገር ልጨምርልህ። የጦርነቱ ጊዜ የስፒትፋየር ቀበቶ ሳተን ሃርነስ ይባላል። አራት ጠፍር ነው፣ ሁለቱ ከትከሻ ይወርዳሉ፣ ሁለቱ ከጎን ይመጣሉ። መሃል ላይ ትልቅ ዘለበት የለውም። ጠፍሮቹ ላይ በብረት የተከፈፉ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል፣ አንድ ሾጣጣ ፒን በአራቱም ቀዳዳ ውስጥ ያልፍና አንድ ላይ ይይዛቸዋል፣ ፒኑ እንዳይወጣ ደግሞ በክሊፕ ይቆለፋል። በቃ ይኸው ነው። ስለዚህ ዘለበት ልሥራ ብለህ አትድከም፣ አንተን የሚያስፈልግህ ቀዳዳ ነው።

ለቀዳዳው ፋርማሲ ሂድና የኢንሱሊን መርፌ ግዛ። ቀጭኑ መርፌ ውፍረቱ 0.3 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ በ1/48 ሲሰላ 14 ሚሊሜትር ይሆናል፣ ልክ የብረቱን ቀለበት ያህል። ሹል ጫፉን በመሳያ ድንጋይ ላይ ቀጥ አድርገህ ፋቅና ደልዳላ አድርገው። ከዚያ ፎይሉን ወፈር ያለ ካርቶን ላይ አንጥፈህ መርፌውን ቀጥ አድርገህ በስሱ ተጫን። ቁልጭ ያለች ክብ ቀለበት ትወጣለች። ተራውን እያስተካከልክ ወደ ታች ውረድ። በኋላ ቀለም ስትቀባ በቀለበቶቹ ላይ ነሐስማ ቀለም በስቴኪኒ ጫፍ ነካ ነካ ማድረግ ነው። ሾጣጣዋን ፒን ከፈለግህ ደግሞ የሞዴሉን ትርፍ ፕላስቲክ ዘንግ በሻማ አለስልሰህ ስትስበው እንደ ፀጉር ይቀጥናል፣ ጫፉን ቆርጠህ ትጠቀማለህ።

አሁን ዋናው። ቀበቶ ክብደት አለው። ማንም ያልተቀመጠበት ወንበር ላይ ያለ ቀበቶ እንደወደቀ ነው የሚታየው፤ ከጠርዝ ላይ ይታጠፋል፣ ይጠማዘዛል፣ ብረት ያለበት ጫፍ ወደ ታች ይጎትተዋል። ብዙ ሰው ግን እንደ ፖስታ ቴምብር ልጥፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ሳትለጥፈው በፊት ቅርጹን በስቴኪኒ ላይ ጠምዝዘህ ስጠው። በጥፍርህ ጨምድደህ አትጠፈው፣ ወፍራም ሸራ እንደ ወረቀት ስለት አውጥቶ አይታጠፍም፣ ጎበጥ ይላል። ጫፉን ብቻ በኮላ ያዝ፣ መሃሉ ከወንበሩ ትንሽ ይነሳ። ያቺ በመሃል የምትቀረው ጥላ ናት እውነተኛ የምታስመስለው።

ደግሞ እያንዳንዱ ጠፍር ከሆነ ቦታ መነሳት አለበት። የትከሻዎቹ ከወንበሩ ጀርባ አልፈው ወደ አውሮፕላኑ አካል ይሄዳሉ፣ የጎኖቹ ከወንበሩ ጎን ይነሳሉ። የወንበሩ አናት ላይ ተለጥፎ እዚያው የሚያልቅ ቀበቶ የትም አልታሰረም። ፓይለቱ ቢገለበጥ ከነቀበቶው ይወድቃል!

ጥያቄ፦ ሐረር መኪና ግርግር በሚባለው ሰፈር ልብስ ሰፊ ነኝ። ልጄ ሞዴል ይሠራል፣ "ባባ ቀበቶውን አንተ ስፋልኝ" ይለኛል። በመርፌ የሚሰፋ ነገር ነው? ስፌቱስ እንዴት ነው የሚታየው? (ከሐረር)

መልስ፦ አይሰፋም ወንድሜ። ከመርፌዎችህ ሁሉ ቀጭኗ እንኳ እዚያ ላይ ትልቅ ናት። ግን ልጅህ ዕድለኛ ነው፣ ቀጥ ያለ መስመር መቁረጥ የሚችል እጅ ቤቱ ውስጥ አለው። የዚህ ሥራ ግማሹ መቁረጥ ነው።

መቀስ ግን አይሆንም። መቀስ ሲቆርጥ ስስ ጠርዙን ያጠማዝዘዋል። መስታወት ላይ አንጥፈህ፣ የብረት ማስመሪያ ጫን አድርገህ፣ ባልተነካ አዲስ ምላጭ በአንድ ጉተታ ነው የሚቆረጠው። ሁለተኛ ከደገምከው ጠርዙ ይበላሻል። አንድ ረጅም ቁራጭ አውጣና ከዚያ እየቆረጥክ ተጠቀም፣ አራቱም ጠፍር እኩል ስፋት ይኖራቸዋል። በየተራ ለየብቻ ከቆረጥካቸው አንዱ መስፋቱ አይቀርም።

ስፌቱን በተመለከተ፣ እናንተ ጨርቅ ላይ ምልክት የምታደርጉባት ጥርሳም መንኮራኩር አለች አይደል? ሐሳቡ እሱ ነው፣ ግን ጥርሷ ለዚህ ሥራ ይሰፋል። ሰዓት ጠጋኝ ዘንድ ሂድና ከሞተ የእጅ ሰዓት ትንሿን ጥርስ ያላት መንኮራኩር ለምን። በመርፌ ዘንግ ላይ ሰክተህ እጀታ ከሠራህላት በኋላ ከፎይሉ ጠርዝ ገባ ብለህ በማስመሪያ አንከባልላት። የተሰፋ የሚመስል ነጠብጣብ መስመር ትተዋለች። ይህ ግን ለ1/32 እና ለ1/24 ነው። በ1/48 ጫፍ ጫፉ ላይ ብቻ፣ ዘለበት በሚያያዝበት ቦታ ሁለት ሦስት ነጠብጣብ ይበቃል። በ1/72 አትሞክሩት፣ ጊዜ ማባከን ነው። በዚያ መጠን የቀለም መስመር እንኳ ከበቂ በላይ ነው።

ጥያቄ፦ ዘለበቱ ነው ያቃተኝ። በፎይል ቆርጬ ሞከርኩ፣ መሃሉን ለመክፈት ስል ይቀደዳል። ከውጭ የሚመጣውን የናስ ዝግጁ ዕቃ ደግሞ ዋጋውን አልችለውም። (ከቀዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ መሃሉን መክፈት ለምን አስፈለገ? ክፍት አድርጎ መሥራት ይቻላል እኮ። ሽቦ ነው የሚያስፈልግሽ።

የተበላሸ የጆሮ ማዳመጫ ገመድ ቤት ውስጥ የሌለው ሰው አለ? ላዩን ላጪው፣ ውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ነው። ብዙ ጊዜ ቀለም ተቀብቶ ይመጣል፣ ቀለሙ ኮላ አላስይዝ ካለሽ በምላጭ ጀርባ ቀስ ብለሽ ፋቂው። ለትልቅ ሞዴል ደግሞ የተራ መብራት ገመድ ውስጥ ያለው ይሆናል፣ የአንዱ ክር ውፍረት 0.2 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። እሱን ለ1/48 መጠቀም ካለብሽ በቢላ እጀታ ዳምጠሽ ጠፍጣፋ አድርጊው።

ቀጥሎ መጠምጠሚያ። ሲም ካርድ ስትገዢ ሲሙ ተነቅሎ የሚቀረው ፕላስቲክ ካርድ አለ፣ ውፍረቱ 0.76 ሚሊሜትር ነው፣ እንደ ባንክ ካርድ። ከእሱ ላይ በስለት አንድ ሚሊሜትር የሚሰፋ ዘንግ ቁረጪ። አራት ማዕዘን ያላት ቀጭን እንጨት መሰል ነገር ታገኛለሽ። ሽቦውን በዚያ ላይ እንደ ስፕሪንግ ጥምጥም፣ ጥብቅ፣ ዙሩ ዙሩን እየነካ። ከዚያ ምላጩን በአንደኛው ጎን ላይ ከላይ እስከ ታች አሳርፈሽ ጎትቺው። እያንዳንዱ ዙር ተቆርጦ አራት ማዕዘን ዘለበት ሆኖ ይወድቃል። በአንድ ጥምጥም ለስንት ሞዴል የሚሆን ይወጣል። ነጭ ሳህን ላይ ብትቆርጪው ይሻላል፣ ምንጣፍ ላይ የወደቀ ዘለበት ሄደ ማለት ነው።

የተቆረጠበትን ቦታ በወረንጦ ገጠም አድርጊና በመርፌ ጫፍ ጠብታ ሱፐር ግሉ ንኪው። የቀበቶውን ጫፍ በዘለበቱ ውስጥ አሳልፈሽ መልሰሽ እጠፊው። ክፍተቱ ታጥፎ ስለሚሸፈን ማንም አያየውም። ምላሷ ያስፈልጋል ካልሽ አንድ የሽቦ ቁራጭ በመሃል አቋርጠሽ ለጥፊ። እኔ በበኩሌ በ1/48 ምላስ አልሠራም፣ ዓይን በሌለበት ቦታ መልፋት አልወድም።

ዝግጁው የናስ ቀበቶ እጅሽ ከገባ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በይ። ናስ ደረቅ ነው፣ እንደ ቆርቆሮ ገትሮ ይቆማል። ከመታጠፉ በፊት በሻማ ወይም በላይተር ነበልባል ላይ ቀለሙ እስኪለወጥ ያዝ አድርጊው፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ይለሰልሳል። ቀድሞ ቀለም የተቀባ ከሆነ ግን ይህን አታድርጊ፣ ቀለሙ ይቃጠላል። ዋጋውን ካነሳሽ አይቀር፣ ከነሱ ዘለበቱን ብቻ ወስዶ ጠፍሩን በፎይል መሥራት የተሻለ ነው የሚወጣው፣ እንደ ጨርቅ የሚወድቅ ናስ አላየሁም።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የአየር ኃይል የምድር ቴክኒሻን ነኝ። ልጄ ከውጭ 1/48 ኤፍ-5 አመጣልኝ። ወንበሩ ላይ ቀበቶው ከፕላስቲኩ ጋር አብሮ ተቀርጾ ነው የመጣው። ልፋቀው ወይስ እንዳለ ልቀባው? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ጋሼ፣ መጀመሪያ እኔ ልጠይቅዎ፦ ካኖፒውን (የኮክፒቱን የመስታወት ክዳን) ከፍተው ነው የሚያስቀምጡት ወይስ ዘግተው? ተዘግቶ ከሆነ አይንኩት። በጥንቃቄ ይቀቡት፣ ጠርዝ ጠርዙን በጣም በቀጠነ ጥቁር ቡኒ ቀለም ይሙሉት፣ በመስታወቱ ውስጥ ሲታይ ይበቃል። ክፍት ከሆነ ግን ይፋቁት። በጎበጥ ያለ ምላጭ ቀስ እያሉ፣ ከዚያ በውሃ ብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት። የተቀረጸ ቀበቶ ከወንበሩ ተነስቶ አያውቅም፣ ከሥሩ ጥላ የለውም።

የጄት ወንበር እንደ ስፒትፋየሩ አይደለም፣ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ወንበሩ ፓይለቱን ይዞ የሚወረወር ስለሆነ ጠፍሩ ይበዛል፣ እያንዳንዱም የራሱ ሥራ አለው። ስለዚህ የሌላ አውሮፕላን ወንበር አይቶ መገልበጥ አያዋጣም። አየር ኃይላችን የመጀመሪያዎቹን ኤፍ-5ዎች ከአሜሪካ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው፣ በሶማሊያው ጦርነት ጊዜ ደግሞ ከሶቪየት ሚጎች መጡ፤ የሁለቱ አገር ወንበር ፈጽሞ አይገናኝም። በ1969 ዓ.ም. ክረምት ከድሬዳዋ ሰማይ ላይ የነበረውን ኤፍ-5 ነው የሚሠሩት ከሆነ የዚያኑ ዓይነትና የዚያኑ ዘመን ፎቶ ይያዙ።

ቀለሙም ይለያል። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቀበቶ የጥጥ ሸራ ነበር፣ ደብዛዛ ነው፣ አያበራም። የጄቶቹ ዘመን ናይለን ነው፣ ጥቂት ያብለጨልጫል። እንግዲህ ሥራውን ሲጨርሱ ፍጹም ደብዛዛ አያድርጉት። እና ጋሼ፣ እባክዎ፣ የሚያስታውሱትን ይጻፉልን። ቀበቶው ወንበሩ ላይ እንዴት ተደርጎ ነበር የሚተወው፣ ተጣጥፎ ነው ወይስ በጎን ተንጠልጥሎ? ፓይለቱ ሳይወጣ ይስተካከል የነበረው በማን ነው? ይህን ፎቶ አይነግረንም።

ጥያቄ፦ ከድሮ የወይን ጠርሙስ አንገት የሚላጠው ለስላሳ ብረት ከሁሉም ይሻላል ብለውኝ ነበር። እውነት ነው? (ከሐረማያ)

መልስ፦ ለሥራው አዎ ይሻላል። ለጤናህ ግን አይደለም። የድሮው እርሳስ የሚባለው መርዘኛ ብረት ነው። ለስላሳ ስለሆነ ሞዴል ሠሪዎች ለዓመታት ሲወዱት ኖረዋል፣ ነገር ግን በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ለወይን ጠርሙስ ተከልክሏል። ዛሬ የሚሸጠው ወይን ላይ ያለው በአብዛኛው አልሙኒየም ወይም ፕላስቲክ ነው። አሮጌ ካለህና ልጠቀም ካልክ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍገው፣ አፍህ ውስጥ አታድርገው፣ ጨርሰህ እጅህን በሳሙና ታጠብ። ልጆች ባሉበት ቤት ግን ጨርሶ አይግባ። የሲጋራው ወረቀት ምን ጎደለው?

ጥያቄ፦ የሐረርን ፔጆ 404 ታክሲ በ1/24 ከካርቶንና ከፕላስቲክ እየሠራሁ ነው። ጋቢናው ላይ ቀበቶ ላድርግለት? (ከሐረር፣ ከጁገል)

መልስ፦ ይህን ደብዳቤ ሳነብ ደስ አለኝ። ስፒትፋየር የሚሠራ ሰው በየአገሩ አለ፣ የሐረርን ፔጆ የሚሠራ ግን ከእናንተ ሌላ ማን ይኖራል!

መልሱ፦ የምትሠራው ታክሲ ላይ ካለ አድርግ፣ ከሌለ አታድርግ። ፔጆ 404 ፈረንሳይ ውስጥ ከ1960 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. የተመረተ መኪና ነው። ዛሬ የምናውቀውን በትከሻና በወገብ የሚያልፍ ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ የቮልቮው ኢንጂነር ኒልስ ቦሊን ያወጣው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ያ መኪና የተነደፈው ቀበቶ ገና የቅንጦት ነገር በነበረበት ጊዜ ነው። አንዳንዱ ባለቤት በኋላ አስገጥሞለት ይሆናል፣ አንዳንዱ አላስገጠመም። ፈረስ መጋላ አደባባይ ወርደህ አንዱን ባለታክሲ አስፈቅደህ ውስጡን እይ። ቀበቶ ካለው የት ቦታ በቦሎን እንደታሰረ ፎቶ አንሳ፣ በተለይ በሁለቱ በሮች መሃል ያለውን ምሰሶ።

ስፋቱ በ1/24 ወደ ሁለት ሚሊሜትር ነው። አሮጌ ቀበቶ ራሱን የሚሰበስብ መጠቅለያ ላይኖረው ይችላል፣ ያኔ ከምሰሶው ተንጠልጥሎ ወይም ወንበሩ ላይ ተከምሮ ነው የሚገኘው። ጠርዙ የተላጠ፣ መሃሉ በእጅ ብዛት የጠቆረ። ለዚህ ብቻ ማስኪንግ ቴፕ እፈቅዳለሁ።

ጥያቄ፦ ቀለሙ ብሩሹ ላይ እያለ ይደርቅብኛል፣ ቀበቶውም ቀለም ከተቀባ በኋላ እንደ ፕላስቲክ ያበራል። ሱፐር ግሉ ደግሞ መስታወቱን ነጭ ጉም አለበሰብኝ። (ከመጋላ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ሦስት ጥያቄ በአንድ ደብዳቤ። ይሁን።

የድሬ ሙቀት አክሪሊክን ጊዜ አይሰጠውም። ጠዋት በማለዳ ወይም ማታ ቀባ፣ ቬንትሌተሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙረው። ቀለሙ ውስጥ ለቆዳ የምንቀባውን ግሊሰሪን ጠብ አድርግበት፣ መድረቁን ያዘገየዋል። ጠብ ነው ያልኩት፣ ካበዛኸው ለሳምንት ይጣበቅብሃል።

ማብራቱን ለማጥፋት የሕፃን ፓውደር በጣም በጥቂቱ ቀለሙ ላይ ደባልቅ። ቀለሙም ንጹህ ነጭ አይሁን፣ ነጭ ላይ ቢጫማ ቡኒ ጨምር፣ ሸራ መቼም ወረቀት አይመስልም። ከደረቀ በኋላ ውሃ የበዛበት ጥቁር ቡኒ በቀጭን ብሩሽ እጥፋቱ ውስጥ ብቻ አስገባ፣ የተረፈውን በሶፍት ጫፍ ምጠጠው። ዘለበቱን በመጨረሻ በመጻፊያ እርሳስ ጫፍ አሸት አድርገው፣ የብረት ቀለም ሳትገዛ ብረት ይሆንልሃል።

ጉሙ የሱፐር ግሉ ትነት ነው፣ ተዘግቶ በተያዘ ቦታ ሁሉ ያደርገዋል። ቀበቶውን ወንበሩ ላይ በነጭ ኮላ ለጥፍ፣ ሱፐር ግሉን ለዘለበቱ ብቻ ተጠቀም፣ እሱንም ከኮክፒቱ ውጭ። ካኖፒውን ከመግጠምህ በፊት ሁሉም ነገር ክፍት ሆኖ ይደር። ጉም የለበሰውን መስታወት ደግሞ በጥርስ ሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ቀስ ብለህ አሸው፣ ስሱ ጉም ከሆነ ይለቃል፣ ወፍራም ከሆነ ግን ካኖፒውን ከፍተህ ሌላ ብትፈልግለት ይሻላል።